ማናሴ «ውሃ» ያለ ዕለት

ኪሩ አዳማ ጋራዥ ሰፈር የሚሠራ መካኒክ ነው። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነው። ሞተር ሲያዳምጥም ሰው ሲያዳምጥም እንደዚያው ነው። የጥፍሮቹ ዙሪያ በግራሶ ጠቁሮ ቀርቷል፤ በበዓል ዋዜማ በሎሚ ሲያሸው ቢውልም አይለቅም። ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። እግሩ እንዲህ የሆነው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ኪሩ ሄልሜት አጥልቆ ራሊ የሚወዳደር ሹፌር ነበር።

ራሊ ሲባል ሜዳ ላይ እየዞሩ የሚሽቀዳደሙበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም። ለዕለቱ ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ የገጠር መንገድ ላይ መኪኖቹ አንድ በአንድ፣ በመካከላቸው ጥቂት ደቂቃ እየተተወ ይለቀቃሉ፤ ያንን ቁራጭ መንገድ በአጭር ሰዓት የጨረሰ ያሸንፋል። ሹፌሩም ብቻውን አይደለም። ከጎኑ ናቪጌተር የሚሉት ሰው ይቀመጣል። ሁለቱ ከውድድሩ በፊት መንገዱን በዝግታ ይመላለሱበታል፤ መታጠፊያውን፣ ጉብታውን፣ ቦዩን፣ መንገድ ዳር የወጣውን ድንጋይ ሳይቀር ናቪጌተሩ ይጽፋል። በውድድሩ ዕለት የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሹፌሩ እየሰማ ይነዳል። ገና ያላየውን መታጠፊያ በጆሮው ሰምቶ ይታጠፋል። ስለዚህ ናቪጌተሩን ያላመነ ሹፌር ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

የኪሩ ናቪጌተር ማናሴ ይባል ነበር። የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው። አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሸጣል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ይዘምራል። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነበር። ድምፁን የሞተር ጩኸት አይሸፍነውም። ኪሩም ከሰው ሁሉ መርጦ ከጎኑ ያስቀመጠው ለዚህ ድምፁ ነው።

ማናሴ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ ኪሩም ኦሮምኛ ሲሰማ ያደገ ስለሆነ በሁለቱም ቋንቋ እየቀላቀሉ ያወሩ ነበር። መጀመሪያ ላይ ማናሴ መንገዱን የሚያነበው በኦሮምኛ ብቻ ነው። «ሚርጋ» ካለ ቀኝ ነው፤ «ቢታ» ካለ ግራ ነው፤ «ቢሻን» ካለ ውሃ አለ ማለት ነው። ታዲያ አንድ ጊዜ በቡልቡላ በኩል ሲወዳደሩ ማናሴ «ቢሻን!» ብሎ ይጮሃል። ኪሩ ከሞተሩ ጩኸት ጋር «ቢታ» የሚል ይሰማውና መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ የሰው በቆሎ ውስጥ ይገባል። መኪናው በቆሎውን እያጨደ ሄዶ መሀል ማሳ ላይ ቆመ።

«ቢሻን ነው ያልኩህ እኮ!» አለ ማናሴ፣ ከሄልሜቱ ላይ የበቆሎ ቅጠል እያራገፈ።

«ቢታ ነው ያልከው።»

«ቢታ ብልስ? ሰውዬ፣ መንገድ በቆሎ ያበቅላል?»

የማሳው ባለቤት ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሁለቱ እንደ ጠፈር ተጓዥ ለብሰው እየተጨቃጨቁ ሲያያቸው ግን ዱላውን ዝቅ አደረገና፣ «እሸት አምሯችሁ ከሆነ በእግራችሁ ብትመጡስ?» አለ። ሦስቱም ሳቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተስማሙ። ቀኝና ግራ በኦሮምኛ ይቆያል፤ ውሃ ግን በአማርኛ «ውሃ» ይባላል። «ውሃ» ማለት ወንዝ ብቻ አልነበረም። ጭቃ፣ እርጥብ መሬት፣ የሚያዳልጥ ነገር ሁሉ «ውሃ» ነው። ማናሴ «ውሃ» ሲል ኪሩ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። ራሱ ማናሴ ሲጠማው ግን «ቢሻን» ነበር የሚለው። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሰው ቤትም እንደዚያው ነበር። የመኪናው ቃል ሌላ፣ የጥሙ ቃል ሌላ ነበር።

ኪሩን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ተሻለች ናት። እናታቸው ስትሞት ኪሩ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር። ተሻለች በጀርባዋ አዝላው ውሃ ቀድታለች፤ አዝላው ገበያ ሄዳለች፤ የመጣላትንም ባል «ይህን ልጅ ላድርስ» ብላ ብዙ አስጠብቃለች። ኋላ አግብታ ዓለም ጤና ከተማ ገባች። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የመስኖው ቦይ የሚያልፍበት ዳር ካለችው ቤቷ ሳትለቅ በትንሽ መሬት ሽንኩርትና ቲማቲም ታለማለች። ኪሩ «እትዬ» ይላታል። እሷም ጢም ካበቀለ በኋላ እንኳ «ኪሩዬ» ማለቱን አልተወችም።

ተሻለች ወንድሟ ሲወዳደር አይታ አታውቅም። ውድድሩ ወይ ወደ ላንጋኖ ይሆናል፣ ወይ ወደ ሌላ ሩቅ ቦታ ይሆናል። በየውድድሩ ዕለት ቤቷ ተቀምጣ እመቤታችንን እየለመነች ትቆያለች፤ ከዚያ ትደውላለች። የምትለውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወጣህ?»

«ወጣሁ፣ እትዬ።»

«እሰይ!» ብላ ትዘጋለች። ስንተኛ እንደወጣ ጠይቃው አታውቅም። መውጣቱን እንጂ ማሸነፉን አትፈልገውም።

በዚያ ዓመት ግን ከውድድሩ መንገዶች አንዱ ከዓለም ጤና ተነስቶ በሽንኩርት ማሳዎቹ መሀል የሚያልፈው የአፈር መንገድ እንዲሆን ተወሰነ። በተሻለች በር ላይ የሚያልፈው ነው። ኪሩ ይህን በስልክ ነገራት።

«በእኔ በር?»

«በአንቺ በር።»

«እንግዲያው አጥሩን ላሳድስ» አለች።

ኪሩ ለዚያ ውድድር እንደተዘጋጀ ለሌላ ተዘጋጅቶ አያውቅም። የሚወዳደርባትን ነጭ ኮሮላ ጋራዡ ጉድጓድ ላይ አቁሞ ከሥር እስከ ላይ ፈታት። ድንጋይ እንዳይበሳት ከሞተሯ ሥር ወፍራም ላሜራ በየደላት። የኋላ መቀመጫዋን አውጥቶ፣ ብትገለበጥ ጣሪያዋን የሚደግፈውን የብረት ቧንቧ ብየዳ በብየዳ በመዶሻ እያንኳኳ ድምፁን አዳመጠ። ሞላዎቹን ለወጠ፣ ፍሪሲዮኑን አጠበቀ፣ ፍሬኑን እየረገጠ ማናሴን ከውጭ «ይዟል?» እያለ ጠየቀ። ማናሴ በበኩሉ ከሱቁ ትርፍ የሞተር ቺንጊያና ሻማ ይዞ ይመጣል፤ ራሱ ግን አይሠራም፤ ቆሞ እየዘመረ ያያል።

«አንተ እኮ መኪና ስትሠራ ሙሽራ የምታስጌጥ ነው የምትመስለው» ይለዋል።

«እህቴ ታያታለች» ይላል ኪሩ።

ከውድድሩ በፊት መንገዱን በዝግታ ሊያዩ ሄዱ። በተሻለች በር ላይ ያለው ወደ ግራ የሚዞር ሰፊ መታጠፊያ ነው። ቤቷ በመታጠፊያው ውስጥ በኩል ነው፤ በውጭው በኩል ደግሞ በግንብ የተሠራው የመስኖ ቦይ ያልፋል። ኪሩ ወርዶ መሬቱን በተረከዙ መታ። ላዩ አቧራ ነው፤ ሥሩ እንደ አስፋልት ደድሯል። አፈሩ ጥቁር አፈር ነው። ሁለት ሦስቴ ተመላለሱበትና ማናሴ፣ «ቢታ፣ ክፍት፣ ሙሉ» ብሎ ጻፈ። መታጠፊያው ክፍት ነው፣ ነዳጅ ሳትቀንስ እለፍ ማለት ነው።

ተሻለች ምሳ ሠርታ ጠበቀቻቸው። ከራሷ ጓሮ የለቀመችውን ቲማቲም በቃሪያ ፈትፍታ አቀረበች። ማናሴ እጁን ሲታጠብ ጀምሮ ይቀልዳል።

«እትዬ፣ እርስዎ ቤት ስበላ መኪናው ይከብዳል። ወንድምዎ መንገድ ላይ ያወርደኛል።»

«አንተ ሆድህ ባዶ ከሆነ ማን ሊጮህለት ነው? ይልቅ ብላ! ደግሞ አንቱ አትበለኝ፣ አስረጀኸኝ።»

ቃሪያው አቃጠለው መሰለኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ «ቢሻን! እትዬ፣ ቢሻን!» አለ። እሷም እየሳቀች ባለ እጀታውን ኩባያ ሞልታ ሰጠችው። አንድ ጊዜ ጨልጦ እንደገና ዘረጋላት።

ሊሄዱ ሲሉ ኪሩ እህቱን ይዟት ወጣና የምትቆምበትን ቦታ አሳያት። «ከቦዩ በኩል እንዳትቆሚ። መኪና መንገድ ከሳተ የሚወረወረው ወደዚያ ነው። እዚህ ከውስጥ በኩል፣ ከቁልቋሉ ኋላ ሁኚ። ጎረቤቶችሽንም እንደዚሁ ንገሪ።»

«እሺ።»

«መኪናው ካላለፈ መንገድ እንዳታቋርጪ።»

«እሺ አልኩህ እኮ። አንተስ? አንተ ምኑን ነው የምትፈራው?»

ኪሩ ትንሽ አሰበ። «አቧራውን» አለ። «ከፊታችን ያለው መኪና ያስነሳው አቧራ ነፋስ ከሌለ ቆሞ ይጠብቀናል። እዚህ መታጠፊያ ላይ ዓይናችን ይጠፋል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።»

ብዙ ነገር አስጠነቀቃት። ማንም የማያስበውን አንድ ነገር ግን አላስጠነቀቃትም፤ እሱም አላሰበውማ።

ውድድሩ በዋለበት እሁድ ጠዋት ነፋስ ዝር አላለም። ኪሩና ማናሴ ተራቸውን ሲጠብቁ ከፊታቸው የወጣው መኪና አቧራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያቸው ነበር። ማናሴ ቀበቶውን አጥብቆ ጸለየ። ኪሩ አማተበ። ባንዲራው ወረደ።

መጀመሪያው መልካም ነበር። የማናሴ ድምፅ ሳይቋረጥ ይፈሳል። «ሚርጋ፣ ጉብታ፣ ያዝ! ቢታ፣ ጠባብ! ሚርጋ፣ ሚርጋ!» አቧራው አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ኪሩ በጆሮው ብቻ ይነዳል። ከዚያ ማናሴ «ቢታ፣ ክፍት፣ ሙሉ!» አለ። የእህቱ በር ደረሰ።

አቧራ አልነበረም። ከኋላው የነበረው ሁሉ ጭጋግ ሆኖ ሳለ እዚያ ጋ አየሩ ጥርት ብሏል። ኪሩ ለአንዲት ቅጽበት ደስ አለው። ከዚያ መሬቱ ጠቁሮ አየው። ማናሴም ቀና አለ።

«ውሃ!»

ኪሩ እግሩን አነሳ፤ ግን መኪናው ከመታጠፊያው ውስጥ ነበር። መሪው በእጁ ላይ ቀለለበት፤ ምንም የማይዝ ሆነ። ከቁልቋሉ ኋላ፣ ልክ ቁሚ ያላት ቦታ ላይ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች እህቱን አያት። በእጇ ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ፊቷ ሳቅ ብሏል። ኮሮላዋ በጎኗ ተንሸራታ በማናሴ በኩል የቦዩን ግንብ መታች።

በእኛ አገር የሚከበር እንግዳ ሲጠበቅ በር ይጠረጋል፣ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ይረጫል። ተሻለችም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ማልዳ ከቦዩ እየቀዳች በሯን ረጭታ ነበር። መኪኖቹ ማለፍ ሲጀምሩ አቧራው ኪሩ እንዳለው ሆኖ ሲቆም ባየች ጊዜ፣ ከጎረቤቶቿ ሴቶች ጋር የወንድሟ መኪና ከመድረሱ በፊት መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ረጨችው። መንገድ አስከባሪው ወደ ላይ ራቅ ብሎ ነበርና አላያትም። ለወንድሟ ዓይን ብላ ነው።

ሰው ሁሉ ሮጠ። በሩን በብረት ፈልቅቀው አወጧቸው። ኪሩ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ አላወቀውም። ማናሴን ሣር ላይ አስተኙት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ውሃ…» ይላል። «ውሃ… ውሃ…»

«ውሃ ይላል! ውሃ ስጡት!» አሉ የቆሙት። ተሻለች ጀሪካኗን ይዛ ሮጣ መጣች። ሥሩ የቀረውን በእፍኟ እያቆረች ከንፈሩን አራሰችለት። ጥቂት ዋጠ። «ጠጣ፣ የኔ ልጅ፣ ጠጣ» ትለዋለች። ማናሴ ግን ዓይኑ ኪሩ ላይ ነበር። ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

ኪሩ ብቻ ያውቃል። ማናሴ አልጠማውም። በጻፈው ውስጥ ያልነበረችውን ቃል፣ ዘግይታ የመጣችውን ቃል፣ ለሹፌሩ ሊያደርስ እየሞከረ ነበር። ቢጠማውማ «ቢሻን» ይል ነበር።

መሬቱ ወዲያው ደረቀ። የደረቀውንም የሺህ ሰው እግር ረገጠው። ሊያጣሩ የመጡት ሰዎች ኪሩን ካልጋው ላይ ሲጠይቁት፣ «ፈጥኜ ነው። የራሴ ጥፋት ነው» አለ። ደጋግመው ጠየቁት፤ ደጋግሞ ይህንኑ አለ። ከውድድር ታገደ። እገዳው ባይኖርም አይመለስም ነበር።

ለቅሶው አዳማ፣ በማናሴ ደጅ በተተከለው ድንኳን ነበር። ኪሩ በክራንች ሄደ፤ ተሻለችም ከዓለም ጤና መጣች። የማናሴ ሚስት ሶረቲ ፊቷ አብጦ ተቀምጣለች። ተሻለችን እጇን ይዛ፣ «መጨረሻ ምን አለ?» አለቻት።

«ውሃ አለ። በእጄ አጠጣሁት፣ ልጄ። ተጠምቶ አልሄደም።»

ሶረቲ የተሻለችን መዳፍ አገላብጣ ሳመችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ቢሻን አላለም?» አለች።

«ውሃ ነው ያለው። እዚያ ያለነው ሁሉ እንዲገባን ብሎ ይሆናላ።»

ኪሩ ዓይኑን ክራንቹ ላይ ተከለ። ሶረቲ ወደሱ ዞረች። «አንተ ግን» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የሚያምንህን ሰው ይዘህ እንዴት እንዲያ ትፈጥናለህ?» ከዚያን ዕለት በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም አትለውም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታልፋለች። የጋራዥ ሰፈር ሰውም እሱ ሲመጣ ወሬውን ይለውጣል። ሁሉን ቻለው።

የቻለው ለአንድ ነገር ብሎ ነው፤ እህቱ እንዳታውቅ። ተሻለች ከለቅሶው እንደተመለሰች በሯ ላይ፣ ከቁልቋሉ ሥር፣ ትልቅ ጋን አስቀምጣ ክዳን ሠራችለት፤ ኩባያም በገመድ አሰረችበት። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ አህያ ነጂው ሲያልፍ ይጠጣል። «ለማናሴ ነው» ትላለች። ኪሩ ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር፣ «ብቻ ተጠምቶ አልሞተም» ትለዋለች፤ በዚያች ቃል ላይ ተደግፋ የቆመች ሴት ሆናለች። ኪሩም «አዎ፣ እትዬ» ይላል። ሌላ ምን ይበል?

በሁለተኛው ዓመት ውድድሩ በዚያው መንገድ ተመለሰ። የጋራዥ ሰፈር ተመልካቾች አለቃ ፈዬራ ነው፤ ከዓለም ጤናና ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር። ውድድር በመጣ ቁጥር የጭነት መኪናውን አጥቦ ሰው ይጭናል። ውድድሩ ሲቃረብ ሁሉም ጋራዡ አጠገብ ያለው ጭማቂ ቤት ተሰብስበው ይመክራሉ። ምክሩ እንደ ሠርግ ምክር ነው። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት መድረስ አለባቸው። ጃንጥላና ለአፍና ለአፍንጫ የሚታሰር ሻሽ ይያዛል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መቆም ከንቱ ነው፤ ሽው ብሎ ያልፋል። መታጠፊያ ይመረጣል፣ እሱም ከውስጥ በኩል፣ ከፍ ያለ ቦታ።

«ፀሐይ ከጀርባ፣ ነፋስ ከጎን፣ ቆሎ ከኪስ!» አለ ፈዬራ። «ይህ ሁሉ ያለበት አንድ ቦታ ነው። እትዬ ተሻለች በር። ጥላ አለ፣ የሚጠጣ ውሃ አለ።»

ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው ኪሩ ደነገጠ። «ሌላ ቦታ ይሻላል» አለ።

«ለምን?»

ኪሩ የጭማቂ ብርጭቆውን አዟዟረ። ሰዎቹ ለሐዘኑ መስሏቸው አቀረቀሩ። ፈዬራም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኪሩ፣ ለማናሴም መታሰቢያ ይሁነው እንጂ» አለው። ሰዎቹ ኪሩና ማናሴ መኪና ውስጥ የሚነጋገሩባቸውን ቃላት ያውቃሉ፤ የበቆሎውን ታሪክ ሲስቁበት ኖረዋል። ከተሻለች ጋር ቁጭ ብሎ ግን አንዳቸውም አውግቶ አያውቅም። ኪሩ ሊያስቀራቸው ካልቻለ አብሯቸው ሊሄድ ወሰነ። ከእህቱ ጎን ተቀምጦ ወሬውን ሊጠብቅ ነው።

እሁድ ጠዋት አይሱዙው ሰው ጭኖ ደረሰ። ተሻለች የተጠበሰ በቆሎ አቀረበች፤ የጎረቤት ሴቶችም መጡ። መኪኖቹ ገና ነበሩ። ከሴቶቹ አንዷ፣ «ግን ይህ ሁሉ አቧራ እያለ መንገዱ እንዴት ይታያቸዋል?» ብላ ጠየቀች።

ፈዬራ ይህን ነበር የሚፈልገው። የቲማቲም ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ፤ የድስት ክዳን ለመሪ ያዘ። «አይታያቸውማ! በጆሮ ነው። ማናሴ ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ነበር የሚጮኸው። ሚርጋ!» ክዳኑን ጠመዘዘ። «ቢታ! ጉብታ፣ ያዝ!» ከሳጥኑ ላይ ብድግ ብሎ ወደቀ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። «ውሃ!» ብሎ እግሩን አነሳ።

«ፈዬራ» አለ ኪሩ። «መኪና መጣ መሰለኝ።»

«ገና ነው፣ ተቀመጥ።»

«ውሃ ሲልስ?» አለች ተሻለች። በእጇ ያለውን በቆሎ ፈልፍላ አልጨረሰችም ነበር።

«ፈዬራ፣ ተው» አለ ኪሩ። ግን የኪሩ ድምፅ መቼም አይሰማም።

«ውሃ ማለት፣ እትዬ፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ያዳልጣል፣ እግርህን አንሳ ማለት ነው። በኦሮምኛ እንዳይሉት ቢታና ቢሻን ተምታቶባቸው በቆሎ ውስጥ ገብተው አልነበር? ከዚያ ወዲህ በአማርኛ አደረጉት። ማናሴ ሌላውን ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ ውሃን ብቻ በአማርኛ!»

ሁሉም ሳቀ። ተሻለች አልሳቀችም። መጀመሪያ ቀኝ መዳፏን አየች፤ ሶረቲ የሳመችውን። ከዚያ መንገዱን አየች። ከዚያ ወንድሟን አየችው፤ እሱ ግን ቀና ማለት አልቻለም።

«በቆሎው እንዳያርርብኝ» ብላ ተነሥታ ገባች።

መኪኖቹ አለፉ። ሰው ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ አቧራ ቃመ። ተሻለች አልወጣችም። ኪሩ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ፈዬራ ሰዎቹን ጭኖ ሄደ። ኪሩ ቀረ። ተሻለችን ወጥታ ከጋኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ፊቷን ታጥባለች፤ ዓይኗ ግን ያስታውቃል። ኩባያውን አነሣ፤ ከጋኑ ቀድቶ ጠጣ። ሰው እንደሚያደርገው ትራፊውን መሬት ላይ ሊደፋ እጁን ሲያነሳ፣ ተሻለች አንጓውን ያዘችው።

«እዚህ መሬት ላይ ውሃ አይደፋም፣ ኪሩዬ።»

እጁን አልለቀቀችውም። ኪሩ የቀረውን ጠጣው።

«ጀሪካኑን አይተኸዋል» አለች።

ኩባያውን ጋኑ ክዳን ላይ መለሰው።

«አይተኸዋል። አይተህ ፈጥኜ ነው አልክ።»

«አቧራ እፈራለሁ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት ሰላም ስትነሳህ!» አለች። «እጄን እኮ ሳመችው። ይህንን እጄን።»

ኪሩ ድንጋዩ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። አንድ አህያ ነጂ መጥቶ ሰላም ብሎ ጠጣ፤ «ገላቶማ» ብሎ አመስግኖ ሄደ። ተሻለች አንገቷን ነቀነቀችለት እንጂ አልመለሰችም። ከዚያ ተነሥታ ገባች። ስትመለስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን ቀይራ ነበር። በሩን ቆለፈች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«አዳማ። ሶረቲ ጋ አድርሰኝ።»

«እትዬ፣ ምን ብለሽ…»

«ቢሻን አላለም ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። መልሱን ላድርስላት።»

አይሆንም ሊላት ፈለገ። ሁለት ዓመት የተሸከመው ለዚህች ሰዓት አልነበረም። ግን እሷ ቀድማው ወደ መንገዱ ሄዳ ነበር፤ እግሩን እየጎተተ ተከተላት። በመታጠፊያው ላይ፣ መሬቱ ረጥቦ በነበረበት ቦታ፣ ትንሽ ቆመች። አላጎነበሰችም፤ አላማተበችም። ከከተማው በኩል ባጃጅ መጣ። አቧራው ተነሥቶ ነጠላዋንና ሻሿን ሸፈነው። ኪሩ ሊያራግፍላት እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለችው፤ «ይቀመጥ።»